ጫልቱ ወዴት ሄደች

የልጅ ልጄ ብሩክ ሊያገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ምራቴ ለሠርጉ የምለብሰውን ልትመርጥልኝ ሳጥኔን ከአልጋዬ ሥር ጎትታ አወጣችው። ክዳኑን ስታነሳ የናፍታሊኑ ሽታ ክፍሉን ሞላው። «ኧረ እማማ፣ ምን ቀብረው ነው?» አለችና ሮጣ መስኮቱን ከፈተች። የምንኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ፣ መስኮት ሲከፈት የባጃጁ ጩኸት ሁሉ ተሰብስቦ ቤት ይገባል። እኔ ግን ጩኸቱንም አልሰማሁ። ከሳጥኑ ታች፣ በአሮጌ ጋቢ የተጠቀለለ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ አለ፤ ጥለቱ አረንጓዴና ወርቅማ፣ ነጠላውም ከነዘርፉ። ሸማኔው አጥፎ እንደሰጠኝ ነው ያለው። ምራቴ ብድግ አድርጋ ወደ ብርሃኑ ዘረጋችውና «ይሄ የማን ነው?» አለች። የኔ ነው አልኳት። «መቼ ለብሰውት ነበር?» ስትለኝ «ገና ነኝ» አልኳት። ሳቀች፤ እርጅናዬ ነው የመሰላት። እኔ አልሳቅኩም። አርባ ስምንት ዓመት ጥርሴን ነክሼ የጠበቅኩት ነገር መድረሱን ከእኔ በቀር እዚያ ቤት ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም።

የዛሬ ልጆች አቃቂን የሚያውቋት በአቧራዋና በታክሲ ሰልፏ ነው። ያኔ አቃቂ ማለት የፋብሪካ ጡሩምባና የባቡር ፉጨት ነበረች። የእጅ ሰዓት ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ስለነበር፣ ወጥ የምትጥደዋም ልጅ የምታጠባዋም ሰዓቷን የምታውቀው ከጡሩምባው ነው። እኔ ፈትል ክፍል ነበርኩ። ከሥራ ስንወጣ የጥጥ ብናኙ ጸጉራችን ላይ ተኝቶ፣ ሃያ ዓመት በቅጡ ያልሞላን ሴቶች ሽበታም መስለን እንወጣለን፤ በሩ ላይ እርስ በርስ እየተራገፍን ስንሳሳቅ ያንን ለማየት ብቻ የሚመጣ ጎረምሳ ነበር። ከጎኔ ያለውን ማሽን የምትይዘው አሰገደች ትባላለች። ጓደኛዬ ነበረች ብል ያንሳል፤ ምሳ ዕቃችን አንድ ነበር። እኔ ሽሮውን ሳመጣ እሷ እንጀራውን ታመጣለች፣ ሲዘንብ በአንድ ጃንጥላ እስከ ሰፈራችን በሰቃ እንሄዳለን። የመጀመሪያ ባለ ተረከዝ ጫማችንን አንድ ቀን ገዛን፣ አንድ ቀን ወደቅንበት፣ አንድ ቀን አውልቀን በእጃችን ይዘን ቤታችን ገባን።

ለማን ያሳየችኝም እሷ ነች። ለማ ባቡር ጣቢያ ነበር የሚሠራው። አፍሮው ከመጠን በላይ ስለነበር የመሥሪያ ቤቱ ቆብ አልገባ ብሎት አናቱ ላይ ጣል ያደርገዋል፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ሐዲዱ ዳር ቆቡን ሲያባርር እናየው ነበር። እሑድ ሲሆን ግን ከታች የሰፋ ሱሪና ባለ ትልቅ ኮሌታ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከሻይ ቤቱ ጥግ ይቆማል። ሻይ ቤቱ ዛሬ የሞባይል መጠገኛ ሆኗል፤ ጥጉ ግን አለ፣ ባለፍኩ ቁጥር አየዋለሁ። «ያ ባለ ቆቡ ልጅ እኮ አንቺን ነው የሚያየው» ያለችኝ አሰገደች ነች። እሷ ሳትነግረኝ አላየሁትም ነበር። እሷ ቀድማ አይታው እንደነበር የገባኝ ግን በኋላ፣ በጣም በኋላ ነው።

ሽማግሌ ተላከ፣ እሺ ተባለ፣ ቀን ተቆረጠ። የብሩክን ሠርግ የሚደግሰው የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ዲኮር የሚሉት አለ፣ ፕሮቶኮል የሚሉት አለ፣ ቬሎው በኪራይ ነው፣ ሱፉም በኪራይ ነው። ምን ላግዝ ስላቸው «እማማ፣ አንቺ ቁጭ በይ» ይሉኛል። ያኔ ቁጭ የሚል አልነበረም። ጌሾ ይወቀጣል፣ በርበሬ ይቀነጠሳል፣ ሰፈሩ በሙሉ ያነጥሳል። አባቴ የዳሱን ምሰሶ ከባሕር ዛፍ አስቆርጦ አጥር ሥር ደረደረው። በግ በአሥራ ምናምን ብር የሚገዛበት ጊዜ ነው፤ እናቴ ግን ለቅቤው ከገበያ ገበያ እየዞረች አሽትታ አሽትታ አንዱንም ሳትገዛ ትመለሳለች። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ድግስ በቀን ተጀምሮ በቀን ማለቅ አለበት፤ አጃቢው እንዳይመሽበት ሙሽሪት ቶሎ እንድትወጣ ተመክሮ ነበር። ሸማኔው ቀሚሱን ሲያመጣልኝ የለካሁት አሰገደች ፊት ነው። አንደኛ ሚዜዬ ነበረች። ዞር ዞር ብዬ ሳሳያት ጥለቱን በጣቷ እየነካካች «ያምርብሻል» አለች። ድምጿ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ጥፋቴን ልናገር፤ ጥፋት ነበረኝ። አያቴ ቱፋ ልጅ ሆኜ እሑድ እሑድ እግሩ ሥር አስቀምጦ «ማን ነሽ?» ይለኝ ነበር። የሺ ካልኩት አይበቃውም። የሺ፣ በቀለ፣ ቱፋ፣ ጉተማ እያልኩ ወደ ላይ መውጣት አለብኝ፤ ከተሳሳትኩ እንደገና ከታች ያስጀምረኛል። በእኛ ዘንድ ሰባት ቤት ያልተራራቀ ሰው አይጋባም፤ ቤተ ክርስቲያኑም ይከለክላል፣ ከአባቶች የወረደውም ይከለክላል። ቆጠራ የማታውቅ ልጅ ወንድሟን ልታገባ ትችላለች ይል ነበር አያቴ። ሁሉንም አውቄ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቀዳዳ ነበር። የጉተማ እናት ጫልቱ ትባላለች። ባሏ ሲሞትባት ጉተማን ለአማቶቿ ትታ ሌላ ባል አግብታ ሄደች። ወዴት? አያቴ እዚህ ላይ ሲደርስ እጁን ወደ ሜዳው ወርወር አድርጎ «ሄደች» ብቻ ይላል። እንግዲህ ሠርጌ እየደረሰ ሳለ አንድ ቀን ፈትል ክፍል ውስጥ ጉራ ያዘኝ። በማሽኑ ጩኸት መሀል አሰገደች ጆሮ ላይ እየጮህኩ ዘሬን በሙሉ ቆጠርኩላት። እሷ የአያቶቿን ስም ከሁለት በላይ አታውቅም ነበር፣ በዚያ እኮራባት ነበር። «እሺ፣ ጫልቱስ ወዴት ሄደች?» አለችኝ። «አይታወቅም» አልኳት። ሳስበው ቤቴን ከነቁልፉ ነው ያስረከብኳት።

ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የለማ ወገን ሽማግሌዎች አባቴን አስጠሩት። ዘሩ ቀድሞ ተቆጥሮ፣ ንጹሕ ነው ተብሎ ያለቀ ነገር ነበር። አባቴ ሲመለስ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ነበር፤ አባቴ ባርኔጣውን የሚያወልቀው ለቤተ ክርስቲያንና ለሬሳ ብቻ ነው። ጓሮ ጠላ ስትጠነስስ የነበረችውን እናቴን ጠራና እኔን አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«ልጄ፣ ለማ ወንድምሽ ነው አሉ።»

«የት ተገናኝተን?»

«ጫልቱ ላይ። ሁለተኛ ያገባችው እነሱ ቤት ነው አሉ። የለማ ቅድመ አያት ሂርጳ ከእሷ ነው የተወለደው። አራተኛ ቤት ላይ ትገጥማላችሁ።»

«ማን ነው ያለው?»

«ያቺ ጓደኛሽ። አያቷ ሳትሞት ነግራት ነበር። ኃጢአቱን ፈርታ ለለማ እናት ተናገረች።»

የአሰገደች አያት ከሞተች ከርማለች፤ የሂርጳን እናት ስም የሚያውቅ በእነለማም ቤት የለም፤ ሄዶ የሚጠየቅ የለም። በዚያ ዘመን ደግሞ ዘር ላይ ጥርጣሬ ከገባ ማጣራት የለም፣ መቅረት ነው። እናቴ የተጠነሰሰውን ጠላ ልትደፋው አልጨከነችም። በዚያው ሰሞን አንድ ጎረቤታችን ሞቱና ለልቅሶው ተሰጠ። የሠርጌን ጠላ ለቀስተኛ ሲጠጣው አጥር ሥር ቆሜ አይቻለሁ። እኔ ሰኞ ዕለት ወደ ፈትል ክፍል ተመለስኩ። አሰገደች አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ ከኔ ይልቅ እሷን ነበር ሰው የሚያባብለው። «ዝም ብል ወንድምሽን ልታገቢ ነው፤ ምን ላድርግ የሺዬ?» አለች። እኔስ ምን ያልኳት ይመስላችኋል? አመሰገንኳት። ከኃጢአት አወጣሽኝ ብዬ እጇን አንስቼ ሳምኩት። በዐሥረኛው ወር ለማን አገባችው። ዓይኗን በጨው አጥባ ደግሞ ጠሪ ላከችብኝ፣ ሠርጌ ላይ እንዳትቀሪ ብላ። የቀረብኝን ባል በጊዜው አልቅሼ ወጥቶልኛል። ያ የሳምኩት እጅ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከሁለት ዓመት በኋላ እኔም በሌላ ቀሚስ ሌላ ሰው አገባሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደህና ሰው ነበር፤ ዳዊትን ወለድን። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ያውቃል፣ አንድም ቀን ግን አልጠየቀኝም። ጊዜ ቂምን ያስረሳል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልረሳሁም፣ አላፍርበትምም። አሰገደች ቤት ስትሠራ ጣሪያው እንዲያፈስ ተመኝቻለሁ። ስትወፍር ደስ ብሎኛል፤ ስትከሳም ደስ ብሎኛል። ገበያ ውስጥ ስንገጣጠም እኔ መንገድ አልለቅም፣ እሷ ናት ወደ ሽንኩርት ተራ የምትታጠፈው። ለማ ግን ባገኘኝ ቁጥር ቆቡን አንስቶ ሰላም ይለኛል፤ እኔም አንገቴን ደፋ አድርጌ አልፋለሁ። እሱስ ምን ያድርግ፣ እንደኔው የተታለለ ነው እል ነበር። አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። እውነት ቢሆንስ? ወደ አያቴ አገር ሄጄ ያልጠየቅሁት ሽማግሌ የለም። አንዱ ጫልቱ ወደ ላይ ነው የሄደችው ይላል፣ ሌላው ወደ ታች። እርግጡን የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም በሰቃ ተቀምጣ የልጅ ልጆቿን ታሳድጋለች።

ብሩክ ብረታ ብረት ፋብሪካ ቴክኒሻን ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን «እማማ፣ ልጅ አግኝቻለሁ፤ ሜላት ትባላለች፣ የበሰቃ ልጅ ናት» አለኝ። የማን ልጅ ስለው «የአበበ ለማ» አለ። ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። መናገር የነበረብኝ ያኔውኑ ነው፣ አውቃለሁ። ዝም አልኩ። ሽማግሌ ሄደ፣ ዝም አልኩ። ቀለበት ገባ፣ ካርድ ታተመ፣ ቅቤው ተነጠረ፣ ዝም አልኩ። በዚያም ወገን ዝም ነው፤ አሰገደች ብሩክ የማን የልጅ ልጅ እንደሆነ ታውቃለች፣ በሜላት በኩል «ለእትዬ የሺ ሰላም በሉልኝ» እያለች ትልክብኝ ነበር። የረሳሁ መስሏታል። እኔ ግን ሒሳቡን ሠርቼ ጨርሻለሁ። በእሷ ቆጠራ እኔና ለማ አራተኛ ቤት ከሆንን፣ ሁለት ትውልድ ሲጨመርበት ብሩክና ሜላት ስድስተኛ ቤት ናቸው። ስድስት ደግሞ ሰባት አይደለም። ወይ ያኔ ዋሽታለች፣ ወይ ልጆቹ አይጋቡም። ሜላትን አልጠላኋትም፣ ከምሬ ነው። ስትመጣ እግሬን የማሳርፍበት በርጩማ ታቀርብልኛለች፣ የደም ግፊት መድኃኒቴን በሰዓቱ ታስታውሰኛለች። አንዳንዴ ልቤ ሊራራ ይልና፣ ስትስቅ የአሰገደችን ጥርስ አየዋለሁ። ሁለት ሳምንት እስኪቀረው ጠበቅኩ። እኔን ያገኘችኝ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነዋ።

ልጆቹ የሚጋቡት በተክሊል ስለሆነ የንስሐ አባታችን ሁለቱን ቤተሰብ አንድ ላይ ማነጋገር ፈለጉ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሰቃ፣ እነአሰገደች ቤት ተቀጠርን። ያንን ነጠላ ለበስኩ። ምራቴ «ናፍታሊን ይሸታል እኮ እማማ፣ ልጠበው» ብትለኝ እምቢ አልኳት። ሁለት ሳምንት ቢቀርም ግቢያቸው ከወዲሁ ድግስ ድግስ ይላል፤ ድንኳን የሚተክሉት ብረት እያጋጩ ነው፣ ሴቶች ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ከወሎ የመጡት ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ለሙስሊም እንግዶች የሚሠራበትን ድስት ለብቻ እያጠቡ ነው። አሰገደች በር ላይ ቆማ «ይግቡ፣ ይግቡ እትዬ የሺ፤ ስንት ዘመናችን» አለች፣ በአንቱታ። አንቱ ተባብለን አናውቅም ነበር። ጉንጬን ልትስም ስትጠጋ ዓይኗ ጥለቱ ላይ ወደቀ፤ ጣቷ ሊነካው ከፍ ብሎ ተመለሰ። አወቀችው። ደስ አለኝ። ለማ ከዘራውን ይዞ ሶፋው ጥግ ተቀምጧል፤ አፍሮው የለም፣ ራሱ በራ ሆኗል። ሊነሳ ሲታገል «ተወው፣ ተቀመጥ» አልኩት።

ምሳ ተበላ፣ ተመሰገነ። ከዚያ አባ መነጽራቸውን አድርገው ደብተራቸውን ገለጡ።

«እንግዲህ ደንብ ነው» አሉ። «ልጆቹ እስከ ሰባት ትውልድ ዝምድና እንደሌላቸው ከየወገኑ አንድ ታላቅ ሰው ይመስክርልኝ።»

«ምንም የላቸውም አባታችን» አለች አሰገደች፣ ንግግራቸውን በቅጡ ሳይጨርሱ።

«ወይዘሮ የሺስ?»

«አላቸው» አልኩ።

ልጄ ዳዊት ሳቅ አለ፣ የቀለድኩ መስሎት። እኔ ግን ጣቴን አንስቼ ልክ አያቴ እንዳስተማረኝ መቁጠር ጀመርኩ። «ብሩክን ዳዊት ወለደው፣ ዳዊትን እኔ፣ እኔን በቀለ፣ በቀለን ቱፋ፣ ቱፋን ጉተማ፣ ጉተማን ጫልቱ። ስድስት። ሜላትን አበበ ወለዳት፣ አበበን ለማ፣ ለማን ወርቁ፣ ወርቁን ደበሌ፣ ደበሌን ሂርጳ፣ ሂርጳን ጫልቱ። ስድስት። ጫልቱ አንዲት ሴት ናት አባታችን። እዚያ ላይ ይገጥማሉ።»

«ይህን ቆጠራ ማን ነገረዎት?»

«ወይዘሮ አሰገደች ናቸው። እኔና አቶ ለማ ልንጋባ ሁለት ሳምንት ሲቀረን ለሽማግሌ መስክረዋል። ሠርጌ የፈረሰው በዚህ ቆጠራ ነው።»

ከልጆቹ አንዳቸውም ይህን አያውቁም ነበር። ሜላት አያቷን አየች፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ብሩክ ተነስቶ «እማማ፣ ምንድነው የምትይው? ካርዱ ሁሉ ተበትኖ?» አለኝ። አላየሁትም። ዓይኔን ከአሰገደች ላይ ብነቅል ታመልጠኛለች ብዬ ፈራሁ። አባ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንዲህ ከሆነ ተክሊሉን ማድረስ አልችልም» አሉና ደብተሩን ዘጉት። በጓዳ በር ሽንኩርት የሚልጡት ሴቶች ቢላዋቸውን ይዘው ቆመዋል።

«አያቴ አርጅታ ነበር» አለች አሰገደች። «ተሳስታም ይሆናል።»

«ያኔ ‹ይሆናል› አላሉም» አልኳት። «አባታችንስ ‹ይሆናል›ን ደብተር ላይ ይጽፉታል?»

«እውነቱን ብቻ ነው የምጽፈው» አሉ አባ።

አሰገደች ድርቅ ልትል እንደምትችል ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከንፈሯን ገጥማ ተቀምጣለች፤ እኔም ገጥሜ ተቀምጫለሁ። በመሀላችን ያለችው ሜላት እያለቀሰች ነው፣ ልብሴን ከኋላ የያዘው ብሩክ ነው፣ እኔ ግን እጅ አልሰጥ አልኩ። በመጨረሻ አሰገደች ቀና ብላ አየችኝ። አንቱታው ጠፋ።

«አያቴ ምንም አላለችኝም» አለች። «የጫልቱን ስም የሰማሁት ካንቺ ነው፣ ፈትል ክፍል። ለማን ካንቺ በፊት ነው ያየሁት። እሱ ግን አንቺን ሲያይ ጊዜ፣ ዘልዬ ‹አንቺን ነው የሚያየው› አልኩሽ፣ የምትንቂው መስሎኝ። አልናቅሽውም። በቃ። ዋሸሁ። ልጆቹ ዘመድ አይደሉም አባታችን፤ በኔ ይሁንብኝ።»

ይህን ቃል ስንት ጊዜ በሐሳቤ ሰምቼዋለሁ። ስትናገረው እልል እላለሁ፣ ወይ ተነስቼ እሰድባታለሁ ብዬ ነበር። ደስ አለኝ፣ አልክድም፤ ከጥፍሬ እስከ ጸጉሬ ደስ አለኝ። ልጆቿ ፊት፣ ምራቶቿ ፊት፣ ሽንኩርት የሚልጡት ሴቶች ፊት አንገቷን ስትደፋ በደንብ አየኋት፣ አልራራሁላትም። ከዚያ ወደ ለማ ዞርኩ። እሱም ይስማ፣ ከማን ጋር እንደኖረ ይወቅ ብዬ። ለማ ከዘራውን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት ያያል።

«ሰማህ?» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«የበኩር ልጃችን በሞተ ጊዜ ነገረችኝ። በኔ ኃጢአት ነው የሞተው ብላ። አርባ አምስት ዓመት ይሆነዋል።»

«አርባ አምስት ዓመት ቆብህን እያነሳህ ሰላም ስትለኝ?»

«አንቺም አግብተሽ ነበር፤ ልጅ ይዘሽ ነበር» አለ። «ከሰላምታ በቀር ምን እልሻለሁ የሺ?»

ለአሰገደች ያዘጋጀሁት ስድብ ስንት ዘመን የተቀመጠ ነው፣ ቃል በቃል አውቀዋለሁ። ለእሱ ምንም አላዘጋጀሁም። እሱን አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳዝንለት ነው የኖርኩት። አሰገደች ከተቀመጠችበት ተነስታ የከዘራው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለውን የለማን መሀረብ አንስታ እጁ ላይ አደረገችለት፤ እሱም ሳያያት ተቀብሎ ዓይኑን ጠረገበት። ሁለቱ አብረው ያረጁበትን ነገር እኔ ጠላቴ ብቻ የምታውቀው መስሎኝ ነበር። ነጠላዬን ወደ ትከሻዬ ሳብኩና «ይጻፉ አባታችን፤ ዝምድና የላቸውም» አልኩ። ስወጣ አሰገደች በር ድረስ ሸኘችኝ፣ ደንብ ነውና። «ሠርጉ ላይ ቀሚሱንም እለብሰዋለሁ» አልኳት። «ልበሺው» አለች።

ብሩክ በባጃጅ ነው የወሰደኝ። ዳዊትና ምራቴ ሜላትን ሊያባብሉ ቀሩ። መንገዱ ተቆፋፍሯል፣ ባጃጁ በዘለለ ቁጥር ጉልበታችን ይጋጫል። በድሮው ባቡር ጣቢያ በኩል ስናልፍ እስከ ዛሬ ሳላየው አልፌ የማላውቀውን ቦታ ሳላየው አለፍኩ። ወደ ገላን ስንታጠፍ ብሩክ፣

«እማማ» አለኝ።

«እ?»

«እማማ አሰገደች ድርቅ ብትል ኖሮስ? ባትናገርስ ምን ልታደርጊ ነበር?»

«ምን ማለትህ ነው አንተ» አልኩት። «እኔው ራሴ ተነስቼ ሐሰት ነው ብዬ ለአባ እነግራቸው ነበራ። የልጄን ልጅ ሠርግ ላፈርስ ኖሯል?»

«አውቃለሁ እኮ» አለ፤ ትንፋሹን ለቀቀና ትከሻዬን አቀፈኝ።

ለእናንተ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ብሩክ እንዲህ ያለ ነገር አያነብም። ድርቅ ብትል ኖሮ እኔም ድርቅ እል ነበር። ድንኳኑ ይነቀላል፣ ካርዱ ይቀራል፣ ያ ሁሉ የተነጠረ ቅቤ ለሰው ልቅሶ ይሆናል፣ ሜላት እንደኔ ሰኞ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ እኔም ከአፌ አንዲት ቃል አትወጣም ነበር። እዚያ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ይህን ቆርጬ ነበር። ለልጁ የነገርኩት ግን ሳላስበው ነው የወጣው፤ ድምፄ እንኳን አልተንቀጠቀጠም። አሰገደችም ያኔ ለለማ እናት ስትነግራት እንዲህ ቀሏት ኖሯል አልኩ በሆዴ። ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ባጃጁ ቆመና ብሩክ ደግፎ አወረደኝ። «አመሰግናለሁ እማማ» አለና እጄን አንስቶ ሳመው።